ደረጃ ላይ የተሰጠ አደራ

በቼዝ ክበቡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ስኮርታ» ነበር የሚሉት። ሥራው ጎማ መጠገን ነው። በዚያ ላይ በከተማው ውድድር ሦስት ዓመት ተከታትሎ አምስተኛ ወጥቷል፤ ወደ አገር አቀፉ ሻምፒዮና የሚያልፉት ደግሞ አራት ብቻ ናቸው። መኪና በአራት ጎማ ይሄዳል፣ አምስተኛው ከኋላ ተጭኖ ይከርማል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰው ብዙም ማሰብ አላስፈለገውም። ጎሚስታው ሲጠሩት አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ሚስቱ ፊቱን ታይና፣ «ዛሬም ጠሩህ አይደል?» ትለዋለች።

በአራተኛው ዓመት የመጨረሻው ዙር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዋለ። ካሸነፈ ያልፋል፤ አቻ ከወጣ ወይም ከተሸነፈ እንደገና አምስተኛ ነው። የደረሰው ተጋጣሚ ቆጣሪ አንባቢው ነበር።

ቆጣሪ አንባቢው ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ፣ አንገቱ በፀሐይ የከሰለ ቀጭን ሰው ነው። በከተማው ያለ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። «እኔ ያልተነከስኩበት ሰፈር ካለ ገና መብራት ያልገባለት ነው» ይላል። አላገባም፤ ከእናቱና ልብስ ሰፊ ከሆነችው ታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል። ሬቲንጉ፣ ማለትም ተጫዋቹ ባሸነፈና በተሸነፈ ቁጥር የሚወጣና የሚወርደው ነጥብ፣ ሁለት ሺህ ሠላሳ ሰባት ነው። የጎሚስታው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት። በሌላ ዓመት ቢሆን ቆጣሪ አንባቢው ከአራቱ አንዱ ይሆን ነበር። ዘንድሮ ግን እናቱ ሆስፒታል ከተኙ ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ወንበር ላይ እያደረ ስለሚመጣ መሃል ላይ ሁለት ጨዋታ ጥሎ ከማለፍ ውጭ ሆኗል።

ሁለቱ አሥር ዓመት ይተዋወቃሉ። አዳራሹ ውስጥ ተገናኝተው ወንበራቸውን ሲስቡ ጎሚስታው፣ «እናትህስ?» አለው።

«ትናንት ሾርባ ጠጣች፤ ደግሞ ጨው የለውም ብላ ነርሷን ተቆጣቻት። እህቴ ናት 'ሂድ ተጫወት፣ እዚህ ተገትረህ አየሩን አትጨርስብን' ብላ ያባረረችኝ።»

«እግዜር ይማርልህ።»

«አሜን። ግን ወዳጄ፣ ማለፍ አለማለፌን አይተህ ዛሬ ምሕረት እንዳትጠብቅ።»

«ማን ጠየቀህ?» አለ ጎሚስታው፤ ሁለቱም ሳቁ።

አዳራሹ የአንድ የሠራተኞች ማኅበር ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ቁጥራቸው በወረቀት ተጽፎ በፕላስተር የተለጠፈ። ዋናው ዳኛ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ ናቸው፤ ሲቆጡ እስካሁን እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄዳል፣ ፊሽካ የያዙ ይመስል። የፕላስቲክ ቅርጫት ይዘው እየዞሩ ስልክ ሰበሰቡ። «ይጥፋ! አጥፉ! የጮኸበት ተሸንፏል፣ እኔ ጋ ይግባኝ የለም።» ቀጥለው እንደ ልማዳቸው ስለ መነጋገር አስጠነቀቁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ሊሸነፍ ሲል ተጋጣሚውን «መኪናህን እየጎተቱት ነው» ብሎ አስሩጦት፣ ሰውየው ከታች ሲመለስ ሰዓቱ አልቆ ጠበቀው። ቀልደኛው አንድ ዓመት ታገደ። ታሪኩ በየውድድሩ ይነገራል፣ በየውድድሩም ይሳቃል።

ጨዋታው ሲጀመር ጎሚስታው ጥቁር ደረሰው። አንድ ሰዓት ያህል ጥሩ ሄደለት። ከዚያ በማያውቀው ምክንያት፣ ምናልባት ማሸነፍ አለብኝ ማለቱ ራሱ ይሆናል፣ ፈረሱን ወደፊት አስገብቶ መመለሻ አሳጣው። ቆጣሪ አንባቢው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ትንሽ አሰበና ፈረሱን ከበበው። ከአራት እንቅስቃሴ በኋላ ፈረሱ ሞተ። ጎሚስታው በምትኩ ያገኘው አንዲት ወታደር ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀስ ብሎ መታነቅ ነው። የነጩ ጳጳስ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይዞታል። የጥቁሩ ግንቦች አንዱ ሌላውን እየተደገፈ ቆመዋል። ጎሚስታው እጁን ዘርግቶ ሊጨብጠውና ሊያበቃ ሁለት ጊዜ አስቧል። ሁለቱንም ጊዜ የነገው ቀን መጣበት፤ ጎማ ቤቱ በር ላይ የሚሰበሰቡት የታክሲ ሾፌሮች፣ «እህስ፣ ስንተኛ?» ሲሉት። መጨረሻ ላይ ንግሥቱን አንዲት ቤት አንቀሳቅሶ፣ ምንም ማድረግ እንደማይችል እያወቀ፣ ሰዓቱን ተጭኖ ተነሣ። ፊቱን ሊታጠብ ነበር።

ሽንት ቤቱ ያለው ከአዳራሹ ዝቅ ብሎ ደረጃው መሃል ላይ ነው። ታጥቦ ሲወጣ ከታች የሴት ድምፅ ሰማ። ዘበኛው ክንዱን ዘርግቶ፣ «እህቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው፤ ጨዋታው ሳያልቅ ሰው አይወጣም» ይላል። ሴትዮዋ አርባ አምስት የሚሆናት፣ የሆስፒታል የጠያቂ ካርድ ደረቷ ላይ የተሰካ፣ ትንፋሿ የተቆራረጠ ናት። ጎሚስታውን ስታይ በዘበኛው ክንድ ላይ አንገቷን አሻግራ ጮኸች።

«ጋሼ! ከቼዙ ነው የሚመጡት?»

«አዎ።»

«ወንድሜ እዚያ ነው፤ ቆጣሪ የሚያነበው፣ ቀጭኑ...»

«አውቀዋለሁ። ተጋጣሚው እኔ ነኝ።»

«እግዜር ነው ያገናኘን!» አለች፤ የደረጃውን ብረት ያዘች። «እማዬ ከምሳ በኋላ ተለወጠችብኝ። ሐኪሙ አንድ ሰዓትም ላትቆይ ትችላለች፣ ልጆቿን ጥሪ አለኝ። ስልኩ ዝግ ነው። እባክዎ አሁኑኑ ይምጣ ይበሉልኝ። እኔ ልመለስ፣ ብቻዋን ናት። አደራ!»

«እነግረዋለሁ።»

«አደራ ጋሼ፣ በሞቴ!» ብላ ዞረች። ስትወርድ አንድ እግሯ ተንሸራተተ፣ ብረቱን ይዛ ዳነች፣ ወጣች።

«ኧረ ይፍጠኑ» አለው ዘበኛው።

ደረጃው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ ይላል። ጎሚስታው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ሊነግረው ነበር። ይህን በኋላ ለራሱ ስንቴ ደግሞታል፣ ውሸትም አይደለም፤ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ቃላቱ አፉ ውስጥ ነበሩ። እዚያው መሸነፉን አምኖ ይጨብጠዋል፣ ይነግረዋል፣ አለቀ።

ወንበሩ ላይ ሲደርስ ሰሌዳውን አየ።

ቆጣሪ አንባቢው እሱ በሌለበት ተጫውቶ ነበር። ጥጉ ላይ ያለችውን ወታደር በግንቡ በልቷታል። ነፃ ምግብ ትመስላለች። ግን ያ ግንብ የንጉሡን ኋላ የሚጠብቅ ነበር፤ አሁን የነጩ የመጨረሻ መስመር በሩ ተከፍቶ እንደተተወ ቤት ባዶ ሆኗል። ጎሚስታው ቆሞ ቆጠረ። ግንቡ ይወርዳል፣ ቼክ፤ ንጉሡ ይወጣል፤ ንግሥቲቱ ትመጣለች፤ ጳጳሱ ይወድቃል። ደግሞ ቆጠረ። ልክ ነው።

ተቀመጠ።

ቆጣሪ አንባቢው ስህተቱን ገና አላየም። ወረቀቱ ላይ እንቅስቃሴውን እየጻፈ ነው። ጎሚስታው አፉን ከፈተ፤ ዳኛው በሁለት ጠረጴዛ ርቀት ቆመዋል። አሁን ብናገር፣ አለ በልቡ፣ ማን ያምነኛል? እየተሸነፈ ሲሄድ ያየው ሰው ሁሉ መኪናህን እየጎተቱት ነው እንዳለው ሰውዬ አይደል የሚያየኝ? ለዳኛው መንገር እንደሚችል ያውቅ ነበር። ይህንንም አሰበው፣ አሳለፈው። አንድ ብቻ ልጫወት፣ አለ። አንዲት እንቅስቃሴ። እሱም አይቶት ወዲያው እጁን ይሰጣል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ እነግረዋለሁ፣ በመኪናዬ አደርሰዋለሁ። በእግሩ ከሚሄድ በመኪና ቢሄድ ይቀድም የለ?

ግንቡን አወረደ። ሰዓቱን ተጫነ።

ቆጣሪ አንባቢው እጁን አልሰጠም። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ሁለት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አቀረቀረ፣ ማሰብ ጀመረ። ሰዓቱ ላይ አሥራ አራት ደቂቃ ነበረው፤ አሥራ አንዱን እዚያው ላይ ጨረሰ። ጎሚስታው አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሰውየውን አናት ሲያይ ተቀመጠ። መሃል ላይ የተላጨ የመሰለ ራሰ በራ ቦታ አለው፣ ከዚህ በፊት ልብ ብሎት አያውቅም። ላብ በጀርባው ወረደ። ዳኛው መጥተው ጎናቸው ቆሙ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ቅንድባቸውን አነሡና ሄዱ።

አንድ ጊዜ ቆጣሪ አንባቢው ቀና አለ። የጎሚስታውን ፊት ሲያይ የራሱን ጭንቀት ረሳ። «ምን ሆነሃል?» አለው በሹክሹክታ፣ መነጋገር ክልክል መሆኑን እያወቀ። «አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ውኃ ጠጣ።»

«ደህና ነኝ አልኩህ» አለ ጎሚስታው።

ይኼ ነበር በሩ። በኋላ፣ ብዙ ቆይቶ፣ የሚያቃጥለው ይኼ ነው። ሰውየው ራሱ ጠየቀው።

ቆጣሪ አንባቢው በመጨረሻ ጳጳሱን ሰጥቶ ንጉሡን አዳነ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ነው፤ ቶሎ አይሞትም። ጥቂት ወታደሮችና አንዳንድ ግንብ ቀሩ፤ ጎሚስታው በአንዲት ወታደር ይበልጣል። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሠላሳ ሰከንድ ስለሚጨመር ጨዋታው አላለቀ አለ። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይከለክላል። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ እያለቁ ተመልካች ተሰበሰበባቸው። ጎሚስታው አሁን ላቡ ደርቋል። እየተጫወተ ነው። መጥፎው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሴትዮዋን ረሳት። ጭራሽ ረሳት። ከዕድሜው ሁሉ የተሻለውን ጨዋታ ተጫወተ። ወታደሯ መጨረሻው መስመር ደርሳ ንግሥት ስትሆን ቆጣሪ አንባቢው ሰዓቱን አቁሞ እጁን ዘረጋ።

«ይገባሃል። እንዴት ያለ ጨዋታ ነው በናትህ!»

ተመልካቹ አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ፣ «ስኮርታው ተገጠመ!» ብሎ ጮኸ፣ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር።

ጎሚስታው የያዘውን እጅ አልለቀቀም። «እህትህ መጥታ ነበር» አለ። «እናትህ ተዳክመዋል፣ ቶሎ ና ብላለች።»

የሰውየው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፣ ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀረ። «መቼ?»

«አሁን... አሁን በቅርቡ። ሊያልቅ ሲል።»

ቆጣሪ አንባቢው ሌላ አልጠየቀም። ስልኩን ከቅርጫቱ ሳይወስድ ሮጠ። ጎሚስታው ተከትሎት ሮጠ፣ አሮጌ ፒክአፑ ውስጥ አስገባው። መንገዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። መብራት በያዛቸው ቁጥር ሰውየው የመኪናውን በር እጀታ ይጨብጣል። «ደርሼ አገኛታለሁ አይደል?» አለ።

«ታገኛቸዋለህ።»

«ትናንት እኮ ሾርባ ጠጥታለች።»

«ታገኛቸዋለህ አልኩህ።»

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ የእናታቸውን ጫማ በአንድ እጇ ይዛለች። ወንድሟን ስታይ ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ያዘችው። «አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ» አለች። እሱ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ጩኸቱ ተሰማ።

ትንሽ ቆይቶ ወጣ። ፊቱ አብጧል፤ የጎሚስታውን ትከሻ ይዞ ለእህቱ፣ «ይሄ ሰው ነው በመኪናው ያበረረኝ። ጨዋታው አልቆ እጄን ሳይለቅ ነው የነገረኝ» አላት።

«ጨዋታው አልቆ?» አለች።

ጎሚስታው ወለሉን አየ። እሷ አየችው። ከዚያ አንዲት ነርስ የምትፈረም ወረቀት ይዛ መጣችና እህትየው ሄደች።

ቤቱ ሲገባ ወሬው ሚስቱና ሴት ልጁ ዘንድ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሚስቱ በር ላይ አቀፈችው። «በል ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ሌላ ነው!» አለች። እሱ የቆጣሪ አንባቢው እናት መሞታቸውን ነገራት። ሚስቱ ደረቷን ያዘች። «አዬ! አንተስ ባሸነፍክበት ቀን...» አለች፣ ፊቱ የጠቆረው ለወዳጁ አዝኖ ብቻ መስሏት። ለሷም አልነገራትም።

ቀብሩ ላይ ጎሚስታው ወንበር ተሸከመ፣ ድንኳን ተከለ፣ ሰው አመላለሰ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ቆጣሪ አንባቢው ለመጣው ሁሉ፣ «እሱ ባይኖር እኮ እዚያው አዳራሽ ተቀምጬ ነበር» እያለ ያወራል። ሽማግሌዎቹ ጎሚስታውን ይመርቁታል። እሱ «አሜን» ይላል፤ ሌላ ምን ይባላል?

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጎሚስታው የጎማ ላስቲክ ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ፣ እህትየው በእግሯ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ያን ቀን ደረጃ ላይ «እርስዎ» ያለችው ሴት አሁን፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነገርከው?» አለችው።

ላስቲኩን ለቀቀው፣ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ።

«ሲያልቅ» አለ። «ጨዋታው ሲያልቅ።»

«እኔ ዘጠኝ ከአርባ ነው የነገርኩህ። ዘበኛውንም ጠይቄዋለሁ፤ ወዲያው ወደ ላይ ሮጠ አለኝ። ሮጠህ የት ሄድክ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ተቀመጥክ» አለች። ከጎማ ክምሩ ጎን ያለችውን ዱካ ሲያቀርብላት አላየቻትም። «እሷ እስከ አሥር ሰዓት ከአሥር አእምሮዋ ደህና ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር 'ደረሰ?' ትለኛለች። ነርሷ ትገባለች፣ 'ደረሰ?' ጽዳቷ ትገባለች፣ 'ደረሰ?' እኔ 'ደረጃ ላይ ነው እማዬ፣ እየወጣ ነው' እላለሁ። ላንተ ነግሬሃለኋ! እርግጠኛ ነበርኩ። ስትሞት ያለቻት የመጨረሻ ቃል 'ደረሰ?' ናት። እኔ ደግሞ የነገርኳት የመጨረሻ ነገር ውሸት ሆነ።»

ጎሚስታው እጁን ቱታው ላይ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ። «ዛሬውኑ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለ። «እግሩ ላይ ወድቄ—»

«አትነግረውም።»

«እንዴት?»

«አትነግረውም! አሁን በእግሩ ያቆመው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሲነገረኝ ሮጥኩ፣ አልደረስኩም እንጂ ሮጫለሁ ብሎ ነው። ሃያ ደቂቃ አብሯት ሊሆን ይችል እንደነበር፣ እሷ እየጠራችው እሱ እንጨት ሲገፋ እንደነበር ካወቀ ያብዳል። ወንድሜን አውቀዋለሁ። አንተን አይደለም የሚጠላው፣ ራሱን ነው። ስለዚህ ዝም ትላለህ። አደራ ብዬህ በልተሃል፤ ይህችን እንኳ አትብላት።»

ዞራ ሄደች። ጎሚስታው ዝም ለማለት ወሰነ። ቀላል ነገር መስሎት ነበር፤ ዝም ማለት ምን ሥራ አለው?

ግን ቆጣሪ አንባቢው አልተወውም። ወደ አገር አቀፉ ሻምፒዮና ሦስት ወር ይቀራል። «አንተን ማዘጋጀት የኔ ሥራ ነው» አለ። እሁድ እሁድ ጠዋት ሰሌዳና ደብተር ይዞ ጎማ ቤቱ ይመጣል፤ ጎማ ላይ ጣውላ ጋድመው ይጫወታሉ። የተጋጣሚዎቹን ጨዋታ ከየቦታው ለቅሞ፣ በጥንቁቅ የቆጣሪ አንባቢ ጽሕፈት ገልብጦ ያመጣለታል። «እኔ ከቤት ሆኜ ምን እሠራለሁ? አልጋዋን ሳየው ውዬ ነው የማድረው» ይላል። አንዳንዴ መሃል ላይ ቆም ብሎ ስለ እናቱ ያወራል፤ እንዴት ነርስ እንደምትቆጣ፣ እንዴት እሱ ሲዘገይ በር ላይ ወጥታ እንደምትቆም። ጎሚስታው ያዳምጣል። እሁድ መምጣቱን ከሐሙስ ጀምሮ መፍራት ጀመረ። ከሳ። ሚስቱ ሐኪም እንዲያይ ለመነችው፤ ሐኪሙ ምንም አላገኘበትም።

የሚጓዝበት ቀን ማለዳ ቆጣሪ አንባቢው ሊሸኘው አውቶቡስ ተራ ድረስ መጣ። ቦርሳውን ተሸክሞለት፣ ከመኪናው ደጃፍ አደረሰው። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ሒሳቡን ያልሰጠ ተሳፋሪ ይፈልጋል። ቆጣሪ አንባቢው ጎሚስታውን አቀፈው፣ በጆሮውም፣ «እማዬ ብታውቅህ ትወድህ ነበር፤ ታማኝ ሰው ትወድ ነበር» አለው።

ጎሚስታው ወደ ኋላ አለ። ከእቅፉ ወጣ።

«ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነው የነገረችኝ» አለ።

«ማን?»

«እህትህ። ያን ቀን። ደረጃ ላይ ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነገረችኝ፤ አልነገርኩህም። ተጫወትኩ።»

ሰው እየተጋፋ ያልፋል። አንዲት ሴት በመሃላቸው ሻንጣ አሳለፈች። ቆጣሪ አንባቢው ተሸክሞ የነበረውን ቦርሳ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ያለ ይሆናል ብሎ ጎሚስታው አልጠበቀም።

«ከየትኛው እንቅስቃሴ በኋላ?»

«ጥጉ ላይ ያለችውን ወታደር ስትበላ። ተመልሼ ስመጣ በልተሃታል።»

«ከዚያ በፊት እያሸነፍኩ ነበር።»

«አዎ።»

«ቢነገረኝ ጥዬው እሄድ ነበር። እኔ ምንም አልነበረኝም እዚያ። ምን ነበረኝ?» ድምፁ አልጨመረም። ቆጣሪ እያነበበ ቁጥር የሚናገር ይመስል ነበር። «አመመህ ወይ ብዬሃለሁ። ውኃ ጠጣ ብዬሃለሁ።»

«ብለኸኛል።»

«እህቴ ታውቃለች?»

ጎሚስታው እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ዋሽቶ፣ መዋሸት በሚያስፈልግበት ሰዓት እውነቱን ተናገረ። «ታውቃለች» አለ። «እሷ ናት እንዳልነግርህ የከለከለችኝ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። «የቀራችሁ ግቡ!»

«ሂድ» አለ ቆጣሪ አንባቢው። «ያመልጥሃል።»

ገባ። ይህንንም ሰው አይምረውም፤ ቦርሳውን አንሥቶ ገባ። በመስኮቱ ሲያይ ሰውየው እዚያው ቆሟል፣ እጁ እንደ ተሸካሚ እጅ ትንሽ ተከፍቶ።

ሻምፒዮናው ላይ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫወተ፣ ሰባቱን ተሸነፈ፣ ሁለቱን አቻ ወጣ። ከአሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለተኛ ሆነ። በአንዱም ጨዋታ መሃል ከወንበሩ አልተነሣም።

ሲመለስ ወሬውን ከክበቡ ሰዎች ሰማ። ቆጣሪ አንባቢው ያን ቀን ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ ቤቱ ሄዶ ልብሱን ሰብስቧል። ጎረቤት የሰማው እህትየው፣ «ላንተ ብዬ ነው! ላንተ ብዬ!» ስትል፣ እሱ ደግሞ ደጋግሞ፣ «ሦስት ወር! አንድ ገበታ ላይ ሦስት ወር!» ሲል ነው። ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። የት እንደሚኖር ለእህቱ አልነገራትም። ሰሌዳውን፣ ሰዓቱን፣ ደብተሮቹን ሁሉ ለክበቡ ትቷል።

ጎሚስታው ሦስት ቀን ካመነታ በኋላ ወደ እህትየው ልብስ ስፌት ቤት ሄደ። ጠባብ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል የተሰቀሉ ቀሚሶች፣ በሌላው ተቆርጦ የተደረደረ ጨርቅ። ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ቀና ብላ አይታው ስፌቷን ቀጠለች። እሱ በር ላይ ቆሞ፣ ያን መስመር ሰፍታ እስክትጨርስ ጠበቀ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ።

«መጀመሪያ ዝም ያልከው ለራስህ ነበር» አለች። «የተናገርከውም ለራስህ ነው። አንድ ቀን እንኳ እሱን አስበሃል?»

«ማቀፉን አልቻልኩትም። ሲያቅፈኝ...»

«እኔስ የቻልኩት ይመስልሃል? እሁድ እሁድ ካንተ ዘንድ ሲመጣ 'ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?' ብዬ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ።» መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «አሁን ቀለለህ?»

«አልቀለለኝም።»

«እንግዲያ ለምን ነገርከው?»

መልስ ፈለገ። ከእውነት በቀር ሌላ ነገር አልመጣለትም፤ እውነቱም «የሚቀለኝ መስሎኝ» የምትል ናት፣ አፍ አውጥቶ የሚናገራት አልሆነችም። በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ሴት ጨርቅ ታቅፋ ገባች። እህትየው መለኪያውን ከአንገቷ አወረደች።

«ግቢ የኔ እናት» አለቻት። «ምን ይሁንልሽ?»

ልጅቷ ቀሚስ መሆኑን ነገረቻት፤ ለእህቷ ሠርግ ነው፣ ክንዱ ሙሉ ይሁን፣ ርዝመቱ ከጉልበት በታች። እህትየው ትከሻዋን ለካች፣ ደብተር ላይ ጻፈች፣ ወገቧን ለካች፣ ጻፈች። ጎሚስታው ትንሽ ቆመ። ለመለካት ቦታ ስለ ጠበባቸው ከበሩ ወደ ውጭ አንድ እርምጃ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ። ማንም አልጠራውም። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደ፤ ሁለት የተነፈሱ ጎማዎች በር ላይ ወድቀው፣ ባለቤታቸው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀው ነበር።